ያልተሰጠው የጠላ ዳኞች ፈተና

ጥር 14 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነበር። የዓለምወርቅ ሰዓቱን በትክክል የምታስታውሰው፣ ወንድሟ «ዘገየሽ» እንደሚላት ስለምታውቅ የማኅበሩን በር ከመግፋቷ በፊት ስልኳን አውጥታ ስላየች ነው። የጥምቀት እንግዳ ገና ከጎንደር አልወጣም፤ ባጃጁ ሁሉ ተይዞ እስከ አራዳ በእግሯ ነበር የመጣችው። ይህንኑ ልትነግረው ቃሏን አዘጋጅታ ገባች። ልዑልቃል ግን የሚሰማት አልነበረም።

ከአዳራሹ ወደ ምድር ቤት በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ዓይኑ ክፍት ነው። ነጭ ሸሚዙ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ቡናማ ሆኖ ርሷል፤ ከቀኝ እጁ አጠገብ አንድ ብርጭቆ ሳይሰበር ቆሟል። ወርዳ ጉንጩን ነካችው። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደጮኸች የምታውቀው ጎረቤቶች ስለነገሯት ብቻ ነው።

ፖሊስ እስኪደርስ ሦስት ሰዎች መጡ። መጀመሪያ የደወለችው ለሀዳነ ነበር፤ የጠላና የቢራ ዳኞች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ልዑልቃልን በወጣትነቱ መቅመስ ያስተማረው። ጎንደር ውስጥ ስለ መጠጥ ክርክር ከተነሳ «የሀዳነን አፍንጫ ጠይቁ» ይባል ነበር። ረጅም ካፖርቱን እንደለበሰ ከውጭው በር ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። የማኅበሩ ጸሐፊ ባህሩ ደግሞ ጩኸቱን ሰምቶ ከመንገዱ ማዶ፣ ለፈተና የሚዘጋጁትን ከሚያስተምርበት ክፍል፣ እየሮጠ መጣ። በመጨረሻ አየለች ደረሰች፤ ማኅበሩ የሚቀምሰውን ጠላ የምትጠምቅ የኮላ ድባ ሴት ናት። ደረጃው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ደረቷን ትመታ ጀመር።

ሳጅን መለሰ ማስኩን እስከ ዓይኑ ሥር ስቦ ወረደ፣ አየ፣ ወጣ፣ ጻፈ። ሲጽፍ የዓለምወርቅ በትከሻው ላይ አነበበችው፦ «ሟች መጠጥ ጠጥቶ ከደረጃ በመውደቁ...»

«አልጠጣም» አለችው። «በፈተና ቀን ውሃ እንኳ አይጠጣም። ምላሴ ይበላሻል ይላል።»

«እህቴ፣ የጠላ ዳኛ አይደል እንዴ? ምነው ታዲያ፣ ምን ይጠጣ?»

«ጠረኑን እንኳ አላየህም። ማስክህን አውልቅና...»

«በዚህ በሽታ ዘመን?» አለና ወረቀቱን አጠፈው።

የዓለምወርቅ የታጠፈውን ወረቀት አየች። ወንድሟ ፈተናው እንዲቀየር ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ማኅበር ለምኗል፤ ደብዳቤ ጽፏል፤ ስብሰባ ላይ ተስቆበታል። በዚያ ጠዋት በአራት ሰዓት የለመነው ነገር ሊሆን ነበር። አሁን አንድ ማስክ ያደረገ ሰው በአንድ ቃል ሰካራም አደረገው። ባህሩ ደግሞ አስከሬኑ ሳይነሳ «ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት አመራሩ ይሰብሰብ። ፈተናው እንደ ድሮው ይቀጥል የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ» አለ። ሀዳነ ከበሩ ላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ።

*

ኢንስፔክተር ሸዋረግ የመጣችው በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ሆስፒታል ያለው ሐኪም ስለደወለላት ነው። ሦስቱን የበዓል ቀን ባሕረ ጥምቀቱ ጋ ቆማ አሳልፋለች፤ እግሯ አብጦ የዩኒፎርሙን ጫማ ትታ ሸራ ጫማ አድርጋለች። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የዓለምወርቅን ወደ ላይ አየቻት።

«ሐኪሙ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ የተመታው ከኋላ ነው፤ ማጅራቱን። ደረጃ የሚወርድ ሰው ቢስት ወይ በፊቱ ይደፋል፣ ወይ በመቀመጫው ይንሸራተታል። ወንድምሽ ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ ቆሞ ነበር። ከሰው ጋር እያወራ።»

የዓለምወርቅ አጠገቧ ተቀመጠች። «ሁለተኛውስ?»

«ሸሚዙ ረጥቧል፤ አፉ ደረቅ ነው። ግን ይሄ ሐኪሙ በአፉ የነገረኝ ነው። የደሙ ውጤት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። አለቃዬ ደግሞ ሰኞ ማታ መዝገቡን ዝጊ ብሎኛል።»

«እንዴት ነው ታዲያ የሚሆነው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አለች ሸዋረግ። «አየሽ፣ እኔ ጠላ ቀምሼ አላውቅም። ስለዚህ ፈተና የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። ለቅሶ ላይ መሆንሽን አውቃለሁ።»

የዓለምወርቅ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ አስረዳች። ማኅበሩ ለዳኞች የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ወረቀቱ ያለው ሰው በየበዓሉ ውድድር ላይ የጠላ ቤቶችንና የቢራ ጠማቂዎችን ሥራ ይመዝናል። ፈተናው ግን ሃምሳ የጽሑፍ ጥያቄ ነው፤ ስድስት ዓመት ያልተቀየረ። ባህሩ ያስጠናል፣ ተማሪው ይሸመድዳል፣ ያልፋል። መቅመሱ ለይስሙላ ነው። አራት ብርጭቆ ይቀርባል፤ ክብ ሠርተው ተቀምጠው በየተራ ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ታናሽ ይጀምራል፣ ሽማግሌ መጨረሻ ይናገራል።

«ምነው ሽማግሌ መጨረሻ?»

«ልጆቹ ፈርተው እሱ ያለውን እንዳይደግሙ። ሥርዓቱ ነው።»

«ወንድምሽስ ምን አለ?»

«ማንም አይናገር አለ። እያንዳንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጻፍ። ጆጎቹ ላይ ቁጥር ብቻ ይኑር። አንዱ መጠጥ ቁጥሩ ተቀይሮ ሁለቴ ይቅረብ፤ ዳኛው ከራሱ ጋር ይስማማ እንደሆነ ይታይ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ወረቀት ያለን ሰዎች እንፈተን አለ። ዛሬ በአራት ሰዓት አያ ሀዳነ፣ ባህሩና አየለች ሊቀመጡ ነበር።»

«ወረቀት ያለን ስትዪ አንቺም አለሽ?»

«እኔ ብርጭቆ አጣቢ ነኝ።»

ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አራት ጆግ፣ አራቱም ተከድነው፣ እንደተደረደሩ ነበሩ። በዓይን አንዱ ከሌላው አይለይም። ልዑልቃል እስከ ልክ መስመሩ ድረስ ሞልቷቸዋል፤ ሦስት ቁጥሩ ግን ስንዝር ያህል ጎድሏል። ከሟቹ የውስጥ ኪስ በታሸገ ፖስታ የተገኘውን ወረቀት ሸዋረግ ቀድዳ አነበበች። አንድ፣ ንጹሕ ጠላ። ሁለት፣ አቼቶ የገባበት። ሦስት፣ የቅርንፉድ ዘይት የገባበት። አራት፣ የቅቤ ጠረን የተሰጠው።

«ቢራም ጠላም ሲበላሽ እንዲህ እንዲህ ይሸታል» አለች የዓለምወርቅ። «ዳኛ መለየት አለበት። ሆን ብሎ ነው ያበላሻቸው።»

ሸዋረግ ሸሚዙ ያለበትን ፌስታል ፈታ አፍንጫዋን አስገባች። ቀና አለች።

«ቅርንፉድ» አለች።

«ገና ስገባ ሸቶኛል። ለሳጅኑ ልነግረው ብል...»

«ሳጅኑን ተይው።» ኢንስፔክተሯ የልዑልቃልን ማስታወሻ ደብተር ስታገላብጥ ነጥብ ብቻ የተሞሉ ገጾች አገኘች፤ ያለፈው ዓመት ውድድሮች ሁሉ በየዳኛው ተለይተው ተመዝግበዋል። ጣቷን በመጨረሻው ዓምድ ላይ ወደ ታች አስኬደች። «ይሄ የማን ነው?»

«የአያ ሀዳነ። መጨረሻ ይናገራል አላልኩም?»

«ብለሻል» አለችና ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

*

አየለች ከሁሉም ቀድማ ቃል ሰጠች። ሳይጠይቋት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት በዪና ጻፊ። ሐሙስ ዕለት ተጣልተናል፤ ምን ይደበቃል። ብቅሌን አብቅዬ፣ አሻሮዬን ቆልቼ፣ ሸጋ ጠላ አመጣለታለሁ፤ እሱ አቼቶ ይጨምርበታል! ሰው ቀምሶ 'የአየለች ጠላ ይሄ ነው?' ቢል ለማን አቤት እላለሁ? እንደዚያ ብዬ ተቆጣሁት። ሳቀብኝ። 'አየሉ፣ ያንቺ ካልተበላሸ የማን ብልሽት ይታወቃል?' አለኝ።» እዚህ ላይ ድምጿ ተሰበረ። «እንዲህ ያለ ምላሰ ጤፍ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ማኪና ላይ ነዋ። ከኮላ ድባ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የገባነው። ረዳቱ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ጠይቂው። ዘመድ ነኝ ብዬ እንኳ ሂሳብ አልማረኝም።»

«እዚህ ሲገቡ ምን ሸተተዎት?»

አየለች ጥያቄው የሚያስቅ መሰላት። «ቅርንፉድ። ጥርሱን ያመመው ሰው የተኛበት ቤት ነበር የሚመስለው።»

ባህሩ ክራቫት አድርጎ መጣ። ስለ ራሱ ትምህርት ቤት ሲናገር ደረቱን ይነፋል፤ አርባ ሦስት አስተምሮ አርባ አንድ አሳልፏል።

«ከአርባ አንዱ ጠላና ጠጅ የሚለይ ስንት ነው?» አለችው ሸዋረግ።

«ዕውቀት በምላስ ብቻ አይመዘንም፣ ኢንስፔክተር።»

«የጠላ ዕውቀትም?»

ባህሩ ወደ የዓለምወርቅ ዞረ። «የዓለም፣ ሐዘንሽን አከብራለሁ። ግን ወንድምሽ ሰውን ማዋረድ ይወድ ነበር። አያ ሀዳነን የሚያህል ሰው እንደ ተማሪ ግድግዳ ሥር አስቀምጦ መፈተን ምን ይባላል? ከልቤ ነው የምነግርሽ፣ የሰካራም ፈተና ይዘን መቀጠል አንችልም።»

የዓለምወርቅ ልትነሳ ስትል ሸዋረግ ክንዷን ያዘቻት። «ጠዋት የት ነበሩ?»

«ክፍል ውስጥ። ከአሥራ ሁለት ተኩል ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ተማሪ ፊት ቆሜያለሁ። ጩኸቱን ሁላችንም አብረን ነው የሰማነው።»

«ሲገቡ ምን ሸተተዎት?»

«ቅርንፉድ። በሩን ሳልፍ ነው አፍንጫዬን የመታኝ።» ጥቂት አሰበና «ለምን ይጠይቁኛል?» አለ።

«ጠላ ቀምሼ ስለማላውቅ» አለችው።

*

ልዑልቃል እሑድ ተቀበረ። ለቅሶተኛው ብዙ ነበር፤ ግን የዓለምወርቅ ከኋላዋ «ጠጥቶ ነው አሉ» የሚል ሹክሹክታ እየሰማች ነበር የምትሄደው። ዞራ ማንን ትቆጣ? ሀዳነ ካፖርቱን እንደለበሰ መጥቶ አቀፋት። «ልጄን ነው ያጣሁት» አላት። ፊቷ ክንዱ ላይ እንደተደገፈ አንድ ሽታ መጣባትና የባሰ አለቀሰች፤ ያ የጠዋቱ ሽታ የትም አልለቃት ብሏል፣ ልብሱም ሰዉም ሁሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላታል። ማታ ሸዋረግ ስትደውልላት ይህንኑ ነገረቻት፤ ያበደች መስሏት ነበር።

«ሰውም ሁሉ ነው ወይስ አንድ ሰው?» አለች ሸዋረግ።

የዓለምወርቅ ማን ማን እንዳቀፋት አንድ በአንድ አሰበች። «ያቀፉኝ ብዙ ናቸው። የሸተተኝ ግን አያ ሀዳነ ጋ ይመስለኛል።»

«ነገ ከሠልስቱ ጸሎት በኋላ አብረን እንሄዳለን።»

ሴቶቹ ሐዘንተኛ ከቤት ትወጣለች ብለው ተቆጧት። ወጣች።

ሀዳነ ሳሎኑ ውስጥ ተቀበላቸው። ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለ የዳኝነት የምስክር ወረቀት አለ፤ ቁጥሩ አንድ ነው። ካፖርቱ በር ሥር ካለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሸዋረግ ካፖርቱ አጠገብ ያለውን ወንበር መርጣ ተቀመጠች።

«ቅዳሜ ጠዋት ኪዳን ላይ ነበርኩ» አለ ሀዳነ። «ከዚያ የዓለም ደወለችልኝ። ከውጭው በር አላለፍኩም። አቅም አጣሁ።»

«ምንም አልነኩም?»

«ምን እነካለሁ? ባለፈው ዓመት ያ በሽታ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ጥሎኝ ሊወስደኝ ነበር። እኔን ትቶ እሱን ወሰደ። አሁን እኔ ምን ሊጠቅም ነው የቀረሁት?»

ከጓዳ በኩል የሚያር ሽሮ ሽታ መምጣት ጀመረ። የዓለምወርቅ ጉሮሮዋን ከረከራት። ሽማግሌውን ማቋረጥ ነውር ሆኖባት ወደ ሸዋረግ ብታይ፣ ኢንስፔክተሯ እጅ ሰዓቷ ላይ አፍጥጣለች።

«ቅዳሜ በሩ ላይ ሲቆሙ ምን ሸተተዎት?»

«ጠላ ነዋ።» ሀዳነ ዓይኑን ጨፈነ። «ቤቱ በሙሉ ጠላ ጠላ ይል ነበር። የጌሾው ምሬት ይሸታል፣ የጋኑ ጭስ ይሸታል። ያስተማርኩት ልጅ በጠላ ተነክሮ ሲሸተኝ... እንዲህ ያለ ቀን አይምጣባችሁ።»

ሽታው በረታ። ሽማግሌው ስለ ልዑልቃል ልጅነት መተረኩን ቀጠለ፤ ቀጠለ። ከውጭ የሚስቱ ድምፅ ተሰማ፦ «ኧረ ሰውዬ! ድስቱ አርሮ ጎረቤት ሲጠራኝ አንተ እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብለሃል?» ያኔ ብቻ ደንግጦ ተነሳ።

ሲወጡ የዓለምወርቅ ንዴቷን መያዝ አቃታት። «ምነው ዝም አልሽ? ቤቱ ሊቃጠል ነበር። እኛ ደግሞ የሰው ልቅሶ እየሰማን ቀኑ እየሄደ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ተሰብስበው ሥራውን ሊቀብሩት ነው፤ ማታ አንቺ መዝገቡን ልትዘጊ ነው።»

«ሰባት ደቂቃ» አለች ሸዋረግ። «ንጹሕ ብርጭቆ ስንት አለሽ?»

*

በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ የማኅበሩ አመራሮች ተቀምጠዋል። ሀዳነ ካፖርቱን ለብሶ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ነው። ሳጅን መለሰ በሩ ጋ ቆሟል። ባህሩ ወረቀቱን ዘርግቶ ሊያነብ ሲል ሸዋረግ ገባች፤ የዓለምወርቅ ከኋላዋ ትሪ ተሸክማለች።

«ከድምፅ መስጠቱ በፊት ይቀመሳል» አለች ኢንስፔክተሯ። «የምትሽሩትን ፈተና አንድ ጊዜ ተፈተኑትና ሻሩት።»

«በየትኛው ሥልጣን?» አለ ባህሩ።

«ሥልጣን የለኝም። የሚፈራ ሰው መውጣት ይችላል።»

ማንም አልወጣም። ሀዳነ፣ ባህሩና አየለች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ከልዑልቃል ጆጎች የተቀዳ፣ አንዱ መጠጥ ሁለቴ የገባበት አምስት አምስት ብርጭቆ ቀረበላቸው። ቁጥሩን ዕጣ ያወጣው ራሱ ባህሩ ነው። ሀዳነ ብርጭቆ ከማንሳቱ በፊት ዞር አለ።

«እኔ መጨረሻ እናገራለሁ። ሥርዓቱ ነው።»

«ዛሬ የሚናገር የለም፣ አቶ ሀዳነ። ይጻፋል።»

ሽማግሌው ወደ ብርጭቆዎቹ ተመለሰ። ቢወጣ ምን እንደሚባል ያውቃል። ቀመሰና ጻፈ።

ሸዋረግ ወረቀቶቹን ሰብስባ ቆማ አነበበች። «አየለች አምስቱንም አግኝታለች። ሦስት ቁጥር ላይ 'ቅርንፉድ' ብላ፣ አምስት ቁጥር ላይ 'አሁንም ቅርንፉድ፣ ምን ነካችሁ' ብላ ጽፋለች።» አንድ ሁለቱ ሳቁ። «ባህሩ ቅቤውን ስቷል፤ ቅርንፉዱን ግን ሁለቴም አግኝቷል። አቶ ሀዳነ አቼቶውን አግኝተዋል። ሌሎቹን አራቱንም 'ንጹሕ ጠላ' ብለዋል። አንዱን ጌሾው የላላ፣ አንዱን ጌሾው የበረታ ብለው።»

ሸዋረግ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አቼቶ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣን ምላስ ያውቀዋል። ቅርንፉድና ቅቤን ግን የሚያውቃቸው አፍንጫ ነው። አቶ ሀዳነ አምና ከታመሙ ወዲህ አያሸቱም። የልዑልቃል ደብተር ላይ ዓመት ሙሉ የሰጡት ነጥብ አለ፤ ሁልጊዜ የሌሎቹ ነጥብ መካከለኛ ነው፤ አንድም ቀን አልወጣም አልወረደም። ሽማግሌ መጨረሻ ይናገራላ። የሰሙትን አደላድለው ይደግማሉ። ልዑልቃል ይህን አይቶ ነበር።»

«በሽታ ወንጀል አይደለም» አለ ባህሩ፤ ድምፁ ግን ለዘብ ብሏል።

«አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ግን አንድ ሰው ልዑልቃልን ፊት ለፊት ገፍቶ ጣለው። ከዚያ ሰክሮ የወደቀ ለማስመሰል ጆግ ይዞ ወርዶ ሸሚዙ ላይ አፈሰሰበት፣ ብርጭቆ አጠገቡ አቆመ፣ ጆጉን ከድኖ መለሰ። ከአራቱ ጆግ ንጹሑ ጠላ እጁ ሥር ነበር። እሱ ያነሳው ሦስት ቁጥርን ነው። ክዳኑን ሲከፍት አፍንጫ ያለው ሰው ወዲያው ይመልሰዋል፤ ቅርንፉድ የሸተተ ሰካራም ማን አይቷል? ይህን ስህተት ሊሠራ የሚችለው የማያሸት ሰው ነው። ቤቱ የገቡትን ሁሉ ምን ሸተታችሁ አልኩ። ሁለቱ ቅርንፉድ አሉ። አቶ ሀዳነ ጠላ አሉ፤ ስላፈሰሱት የሚሸት መሰላቸው። ዛሬ ጠዋት ሽሮ አጠገባቸው ሰባት ደቂቃ አርሯል።»

«ግምት ነው» አለ ሀዳነ ቀስ ብሎ። «ግምት ነው፣ ልጄ።»

«ከውጭው በር አላለፍኩም፣ ምንም አልነካሁም ብለውኛል። አየለች፣ እባክዎ ቀኝ እጅጌያቸውን ያሽትቱልኝ።»

አየለች ተነስታ ጎንበስ አለች። ከእጅጌው ስትርቅ አፏን በእጇ ያዘች። «አያ ሀዳነ» አለች፤ «ቅርንፉድ እኮ ነው። እኔ ቀብር ላይ ጥርስዎን ያመመዎት ነው የመሰለኝ።»

«የቅርንፉድ ዘይት ካፖርት ላይ ሲፈስ ሳምንት አይለቅም» አለች ሸዋረግ። «ሌላ ማንም ቢሆን ቅዳሜውኑ ያጥበው ነበር። እሳቸው ለቅሶ ለብሰውት መጡ፤ ሐዘንተኛዋን አቅፈውበታል። ዛሬም ለብሰውታል።»

ሀዳነ እጅጌውን ወደ አፍንጫው አመጣ። አየሩን ሲስብ ሁሉም አዩት፤ ደጋግሞ ሳበ። ከዚያ እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ስሜን ከዝርዝሩ አውጣልኝ ብዬ ልለምነው ነበር የሄድኩት» አለ ወደ የዓለምወርቅ ሳያይ። «'ራስዎ ተነስተው ይናገሩ፣ እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ' አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ አፍንጫ ስባል ኖሬ ተነስቼ ምን ልበል? አጠገብዎ እቆማለሁ አለኝ። ያስተማርኩት ልጅ። ገፋሁት።»

«ተነስተው ቢናገሩ ማን ምን ይልዎ ነበር?» አለች የዓለምወርቅ። የምትለው ሌላም ብዙ ነገር ነበራት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያጠራቀመችው። ትሪዋን አንስታ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ሳጅን መለሰ ማስኩን አውልቆ ቀረበ።

ፍርድ ቤቱ ለሀዳነ አሥራ ሁለት ዓመት ፈረደ። ከመዝገቡ ላይ «መጠጥ ጠጥቶ» የሚለው እንዲሰረዝ የዓለምወርቅ አራት ጊዜ ተመላልሳለች፤ በአራተኛው ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ፈተናው ልዑልቃል ባሰበው መንገድ ተሰጠ። ሃያ ሰባት ሰው ተቀመጠ፤ ስድስት አለፈ። የዓለምወርቅ ከወደቁት አንዷ ነበረች።